ከመሬት በታች ያለ መቁጠሪያ

ባለፈው ሐምሌ ቡሬ ከተከራየሁት ቤት ጓሮ፣ ከቧንቧው አጠገብ የበቀለ ሣር ነቀልኩ። የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሞ ጠዋት ጠዋት እግሬን ስለሚያረጥበው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቅጠሉ እጄ ላይ ተበጥሶ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ። ማንኪያ አምጥቼ ቆፈርኩ። ክር በመሰለ ሥር ላይ የተሰካች፣ ሽምብራ የምታክል ጥቁር ጉጥ ወጣች። በጥፍሬ ስሰነጥቃት ውስጧ ነጭ ነበር። ሽታዋ ወዲያው መጣ፤ የራሰ አፈር፣ ከዚያ በስተኋላ ደግሞ ደረቅ ቅመም የሚመስል ነገር። እንግጫ ነው። ይህ ለእኔ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። የዚያን ክረምት ነገር ለማንም አውርቼ አላውቅም።

አራተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ዓመት ነበር። እናቴ ፍኖተ ሰላም ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ቀኗ ስለደረሰ፣ አባቴ ክረምቱን እንድከርም ማንኩሳ፣ አክስቱ እማሆይ ዘንድ ወሰደኝ። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። የሚኖሩት ከአባቴ ታናሽ ወንድም ከአያ ሞላ ቤት ጀርባ፣ በሯ ወደ ጓሮ በምትከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ጓሮው የራሳቸው ነው፤ ከአባታቸው የደረሳቸው። ሁለት መደብ በርበሬ፣ አንድ መደብ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ መደብ ጎመን፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ ጌሾ ነበረበት። የሚበሉት ከዚያ ነው። ለኅዳር ጽዮን የደብሩ ዝክር ወጥ የሚሠራበት በርበሬም በየዓመቱ ከዚያ ይወጣ ነበር። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። ከመነኮሱ ጀምሮ አንድም ዓመት አስታጉለው እንደማያውቁ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እንግዳ ሲመጣ በር ኋላ የምቆም ልጅ ነበርኩ። እማሆይ ስለማያናግሩኝ ወደድኳቸው። ይጠሩኝ የነበረው በክርስትና ስሜ፣ ወለተ ሥላሴ እያሉ ነው። በዚያ ስም ከቄሱ በስተቀር ማንም ጠርቶኝ ስለማያውቅ፣ ባለቤቷን እስከማገኝ ድረስ የተዋስኩት ስም ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስነቃ እማሆይ ደጅ ነበሩ። በጉም ውስጥ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። ግንባራቸው መሬት ሲነካ ጥቂት ይቆያሉ። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸውና አረም እየፈለጉ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ያህል ቀርቦ የሚያይ ሰው አረም እንዴት ያመልጠዋል ብዬም ገረመኝ። ስግደት መሆኑን ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ሁለቱ ነገሮች አእምሮዬ ውስጥ አንድ ሆነው ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተለያዩልኝም።

ስግደቱን ሲጨርሱ መቁጠሪያቸውን ከእጃቸው አውልቀው አፈር እንዳይነካው ጌሾው ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያ ዱካቸውን፣ ያችን አጭር መቀመጫ፣ ይዘው በርበሬው መሃል ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ አንድ ክንድ ያህል ካረሙ በኋላ ዱካውን ወደፊት ገፋ አድርገው እንደገና ይቀመጣሉ። ሙጃውንና መጩን እኔ እንድነቅለው ተዉልኝ፤ ያ በቀላሉ ይወጣል። እንግጫውን መጀመሪያ አላስነኩኝም። ቅጠሉን ዝቅ ብለው ከግንዱ ይይዛሉ፣ ሳይጎትቱ ትንሽ ያወዛውዛሉ፣ ከዚያ የሌላ እጃቸውን ጣት አፈሩ ውስጥ ከተው ክሩን ተከትለው ይሄዳሉ። ክሩ ጥቁር ጉጥ ላይ ይደርሳል። ከጉጡ ሌላ ክር ይወጣል፤ ያም ሌላ ጉጥ ላይ ይደርሳል። አንድ ቀን አራት ጉጥ ተያይዞ ወጣላቸውና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ቀና ብዬ ጌሾው ላይ የተሰቀለውን መቁጠሪያ አየሁት። አንድ ዓይነት ነበር።

«እማሆይ፣ እንግጫም ይጸልያል እንዴ?»

እጄ ላይ ያለውን አዩ፣ የሰቀሉትን አዩ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቁም።

«ይቆጥራል እንጂ አይጸልይም» አሉኝ። «ብዙ ሰው እንደሱ ነው።»

ጉጦቹን የሚጥሉት ደጅ አልነበረም። በክረምት የሚያደርቃቸው ፀሐይ ስለሌለ የትም ቢጣሉ ይበቅላሉ። አሮጌ ሳህን ውስጥ አጠራቅመው ማታ ምድጃቸው ውስጥ ይጨምሯቸዋል። ሲቃጠሉ ጧ ይላሉ። ያን ድምፅ ለመስማት ብዬ ከእሳቱ አጠገብ የምቀመጥበት ጊዜ ነበር።

አያ ሞላ ክፉ ሰው አልነበረም። ከእርሻ ሲመለስ ሁልጊዜ በጓሮው በኩል ያልፋል፤ እማሆይን ደህና ዋሉ ሳይል ቤቱ አይገባም። አንድ ቀን ግን ከኋላው ሁለት መቶ ያህል የባሕር ዛፍ ችግኝ በአህያ አስጭኖ መጣና በፕላስቲካቸው እንዳሉ ከአጥሩ ሥር ደረደራቸው። እማሆይ ዱካቸው ላይ እንዳሉ አዩት። እሱ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። እንግጫው ይኸው ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሽንኩርቱን አምና ውጦታል፣ ዘንድሮ በርበሬው ውስጥ ገብቷል፣ የእርስዎም ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፣ ባሕር ዛፍ ግን አረም አያውቅም፣ እንዲያውም ከሥሩ ሣር አያስበቅልም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርስዎ ከእኔ ቤት ቢበሉ ምን ይጎድለኛል፣ እማሆይ? እኔን እንደ ልጅ አይቆጥሩኝም?»

«ልጄማ ነህ። ግን እጄ ሳይታጠፍ እጅህን አላይም።»

«ዝናቡ ሳያልፍ መትከል አለብኝ።»

እማሆይ የያዙትን ክር እስከ መጨረሻው ተከትለው ጉጡን አወጡና ሳህኑ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ መጥቶ እንዲያየው ነገሩት። እንግጫው ከመደቦቹ ላይ ካለ ይትከል፤ ከሌለ ችግኞቹን ከአጥራቸው ሥር ያንሣላቸው። አያ ሞላ ይሁን አለ። እኔን አየኝና ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲህ ያንች ክንድ ነው የሚያድናቸው» አለኝ።

ያን ጊዜ ከባድ ነገር የተነገረኝ አልመሰለኝም። በማግስቱ እማሆይ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከአያ ሞላ ቤት ማጭድ ተዋስኩና የአራቱንም መደብ እንግጫ አጨድኩት። ለምሳ ሲመለሱ ጓሮው የተላጨ ነበር። የቆመው አትክልቱ ብቻ ነው። አጠገቡ ቆሜ እስኪያመሰግኑኝ ጠበቅኩ።

«ጠጉሩን ላጨሽው» አሉኝ። «ራሱ እዚያው ነው።»

በአምስተኛው ቀን ሁሉም ተመልሶ በቀለ። ከዚያ በኋላ ክሩን በጣት መከተል አስተማሩኝ።

በአጥሩ ማዶ የምትኖር የሺ የምትባል ልጅ ነበረች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ በድምፅ ግን በአሥር። አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ስናርም ታየን ነበር። ከፍኖተ ሰላም መምጣቴን ከሰማች በኋላ ስሜን ጠይቃኝ አታውቅም።

«አንች የፍኖተ ሰላሟ፣ ምላስሽን እቤት ረስተሽው ነው የመጣሽ?»

ዝም ስል የበለጠ ደስ ይላታል። ስለ እንግጫ ነቀላ የነገረችኝ እሷ ናት። የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ የማንኩሳ ልጃገረዶች ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ሜዳ ይወርዳሉ፤ እንግጫ ይነቅላሉ፤ ሌሊቱን ይጎነጉኑትና በዓሉ ሲነጋ በቤተሰቡ ራስ ላይ ያደርጋሉ፣ ምሰሶ ላይ ያስራሉ፤ ለመስቀል ደመራው ላይ ይጥሉታል። ይህን ፍኖተ ሰላምም አይቼዋለሁ፤ ሌሎች ልጆች ሲያመጡ ነው ያየሁት እንጂ ነቅዬ አላውቅም። የሺ የጨመረችልኝ ግን አዲስ ነበር። ነቀላው ላይ እያንዳንዷ ልጅ በተራዋ ዘፈን ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ያላወጣች እንግጫዋን ተቀምታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ይህ እውነት ይሁን እኔን ለማስፈራራት የፈጠረችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባዶ እጄን መመለስ አልፈለግኩም። ለእማሆይ ጉንጉን ማምጣት ፈልጌ ነበር፤ እሳቸውን ደስ የሚያሰኝ ሌላ ነገር የለኝም። በሰው ፊት ዘፈን ማውጣት ግን እንደማልችል አውቅ ነበር። ስለዚህ በልጅ ጭንቅላቴ አንድ ብልሃት ዘየድኩ። እንግጫ እኛው ጓሮ አለ። ከጌሾው ጀርባ፣ ከዱካው ላይ የማይታይ፣ አንድ ምንጣፍ የሚያህል ቦታ ነበር። እሱን ሳላርመው ልተወው፣ በዋዜማው ብቻዬን ልንቀለው፣ ብቻዬን ልጎንጉነው አልኩ።

ለጥቂት ቀን ሲያሳስበኝ ቆየ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታ ልጆችም ይጾማሉ። ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት ስለሆነ ሆዴ ባዶውን ከእማሆይ አጠገብ ቆሜ የዝናቡን ድምፅ ቆርቆሮው ላይ እሰማ ነበር። ከጾሙ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ እማሆይ ሱባኤ ገቡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ካለች ጎጆ ያድራሉ፣ ወደ ቤት አይመጡም። ጓሮውን ለእኔ ተዉልኝ። «ክሩን ተከተይ» ብቻ ነው ያሉኝ። በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ የረጠበ ሽምብራ በጨርቅ ቋጥሬ አደርስላቸው ነበር። ስለ ጓሮው ይጠይቁኛል፤ ደህና ነው እላለሁ። ከአራቱ መደብ አንጻር ውሸት አልነበረም።

በአንደኛው ሳምንት መጨረሻ ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ አስተማሩ። ንጹሕ ዘር ስለዘራው ሰው፣ ሰዎች ሲተኙ ጠላት መጥቶ እንክርዳድ ስለ መዝራቱ ነበር። አገልጋዮቹ እንንቀለው ሲሉ ጌታቸው ከለከላቸው፤ ስንዴውን አብራችሁ እንዳትነቅሉ፣ እስከ መከር አብረው ይደጉ አላቸው። ይህን ስሰማ ጉልበቴ ቀለለኝ። ስለ ጌሾው ጀርባ ለማንም አልነገርኩም፤ ቄሱ ግን ፍርዱን በሕዝብ ፊት ሰጡልኝ። እስከ መከር ማለት እስከ ዕንቁጣጣሽ ማለት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ቦታ እንዲያውም እንደ አደራ ጠበቅኩት። ረዘመ፤ ጫፉ ላይ ቡናማ አበባ አወጣ። ማታ ማታ ሄጄ እጄን በላዩ ላይ አሳልፋለሁ። ቅዝቃዜው ደስ ይለኝ ነበር።

እማሆይ ፍልሰታ ሲፈታ ከስተው ወጡ። ሁለት ቀን አረፉና ዱካቸውን ይዘው ወጡ። እኔ መደቦቹን በእውነት አርሜያቸው ነበር፤ ጥፍሬ እስኪጠቁር። ሆኖም በበርበሬው መደብ፣ በጌሾው በኩል ባለው ጫፍ፣ መርፌ የመሰሉ አዲስ ቅጠሎች ወጥተዋል። እማሆይ ነቀሏቸው። በሦስተኛው ቀን ሌሎች ቅጠሎች ከዚያ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ገብተው ወጡ። በሳምንቱ ነጭ ሽንኩርቱ መሃል ደረሱ። ነሐሴ ሲያልቅ እሳቸው የነቀሉትን ያህል ከኋላቸው ይበቅል ነበር።

ከየት እንደሚመጣ እኔ አውቅ ነበር። ክሩ ሁልጊዜ ወደ ጌሾው ይጎትታል። እሳቸው ግን ወደዚያ አልሄዱም፤ ከዱካው ተነሥቶ ጌሾው ጀርባ መዞር ለጉልበታቸው ሩቅ ነው፤ እዚያ ያለውን በእኔ እጅ ሰጥተውኛል። ጳጉሜ ሊገባ ሲል አንድ ማታ አያ ሞላ ሲያልፍ ጠሩት። እኔ ከውስጥ ሽምብራ እየለቀምኩ ነበር።

«እጄ አርጅቷል መሰለኝ፣ ሞላ» አሉት። «ጉጡን ያገኘሁ እየመሰለኝ ትቼው እነሣለሁ። ያልከው ሳይሆን አይቀርም ልክ።»

አያ ሞላ ዋዜማው ገና ነው፣ ይዩት እንጂ አላቸው። ድምፁ ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም። በማግስቱ ግን ጠዋት ዶማ ይዞ መጣና በመደቦቹ መሃል በእርምጃ ለካ፤ ጉድጓዶቹ የሚቆፈሩበት ላይ ትናንሽ ድንጋይ አስቀመጠ። ድንጋዮቹን በበሩ ስንጥቅ ቆጠርኳቸው። እንግጫው እንዳሸነፋቸው ቢያስቡ ይሻል ነበር፤ እሳቸው ግን የራሳቸውን እጅ ነው የጠረጠሩት።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ልብሳቸውን አውልቀው ደጅ ይታጠባሉ። ከሰዓት በኋላ ጣለ። የሺና እህቶቿ በአጥሩ ማዶ ሲጮኹ ይሰማል። እማሆይ ከበራቸው ጥግ ቆመው እጃቸውን ወደ ዝናቡ ዘርግተው ነበር፤ ውኃው መዳፋቸው ላይ ሲጠራቀም ፊታቸውን ያብሱበታል። «ውጪ እንጂ» አሉኝ። «የመልአኩ ውኃ ነው።»

አልወጣሁም። ጠበሉ ላይ ቆሜ የምዋሽ መሰለኝ። ከኋላቸው ሆኜ፣ ፊታቸውን ሳላይ፣ ነገርኳቸው። ከጌሾው ጀርባ እንግጫ አለ፣ እኔ ነኝ የተውኩት፣ ለዕንቁጣጣሽ ብዬ ነው፣ ዘፈን ማውጣት ስለማልችል ነው፣ ቄሱም ተዉት ብለዋል አልኩ። የመጨረሻውን ቶሎ ብዬ ነው የተናገርኩት።

እማሆይ እጃቸውን ከዝናቡ አልመለሱም። ዝናቡ እስኪያባራ ቆየን። ከዚያ በትራቸውን አነሡና በጭቃው ውስጥ ቀስ እያሉ ጌሾውን ዞሩ። ተከተልኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። እንግጫው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር።

«ያምራል» አሉ።

ማልቀስ ጀመርኩ። አላባበሉኝም። ለቅሶዬ እስኪያልቅ ጠብቀው ተናገሩ።

«ተዉት ያለውን ሰምተሻል። ማንን እንዳለ ግን አልሰማሽም። እርሻው ዓለም ነው። እንክርዳዱም ሰው ነው። ሰውን አትንቀሉ ነው ያለ፤ ነገ ምን እንደሚሆን አንችም እኔም ስለማናውቅ። አንች የራስሽን ነው የተውሽው። የራስሽን ተይው ብሎ ያዘዘሽ የለም።»

ሲናገሩ ጣታቸውን ወደ እኔ አመልክተው ነበር። ቀሚሴ ላይ ጭቃ ያለ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ንስሐ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር አሁንም የሚታየኝ ያ የጌሾ ጀርባ ነው። የተውኩት ቦታ ትንሽ ነበር፤ ከምንጣፍ አይበልጥም። የወጣው ግን በእሳቸው በርበሬ በኩል ነው። በአንድ ጊዜ ተጎትቶ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ፣ ክሩ እንዳይበጠስ ቀስ ብለው በጣት መከተል እንደሚገባ፣ ስብከት ከመስማቴ በፊት በጥፍሬ ተምሬዋለሁ። ሁልጊዜ አደርገዋለሁ ማለቴ አይደለም።

እማሆይ ለመመለስ ዞሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ዋዜማው ነው፤ ለሁለት ሰው የማይሆን ሥራ ነው፤ አያ ሞላን እርዳኝ ማለት ደግሞ አይሆንም አሉኝ፣ እሱ የሚያየው እንጂ የሚያርመው አይደለም።

«እንግጫ የሚፈልጉት ማን ማን ናቸው?»

ገባኝ። ባይገባኝ በወደድኩ።

«እርስዎ ይጥሯቸው፣ እማሆይ። እርስዎን ይሰማሉ።»

«እኔ አልተውኩትም። ሂጂ ጥሪያቸው።»

ከእኛ በር እስከ የሺ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ተመለስኩ። በአራተኛው የሺ ራሷ ጠጉሯን እየጨመቀች ብቅ አለች። ቀድሜ ያዘጋጀሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳልተነፍስ አወጣሁት፤ በእማሆይ ጓሮ ጉልበት የሚደርስ እንግጫ አለ፣ ከሜዳው ፈንታ እዚያ ኑና ንቀሉ።

«ትናገራለች እንዴ!» አለች የሺ ወደ ቤት ውስጥ ዞራ። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሜዳ ሙሉ እንግጫ እያለን ለምን የመነኩሲት ጓሮ እንገባለን አለችኝ። የሜዳውን ከብት ረግጦታል፣ የኛ ሥሩ ነጭ ነው፣ ሲጎነጎን ያምራል አልኩ። አሰበችበት።

«አንች ካወጣሽ እንመጣለን።»

«እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሜዳው ይሻለናል።»

አጥሩ ሥር የተደረደሩትን ችግኞች አየኋቸው። አወጣለሁ አልኩ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ልጃገረዶች መጡ። እማሆይ ዱካቸውን በሁለቱ የበርበሬ መደቦች መሃል አስቀምጠው በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጠበቋቸው። መቁጠሪያቸው እንደ ወትሮው ጌሾው ላይ ነበር። ሕጉን ነገሯቸው።

«ጉጡን ለእኔ፣ ቅጠሉን ለራሳችሁ። በርበሬዬን የረገጠች አንድ ዘለላ አትወስድም።»

ሳህኑን መሃል ላይ አስቀመጡት። ልጆቹ እንግጫ መንቀል ያውቃሉ፤ ነጩ እንዳይበጠስ ዝቅ ብለው ይይዛሉ። ክሩን መከተል ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር። እኔ አሳየኋቸው። አፌን ሳልከፍት፣ በእጄ ብቻ ነው ያሳየሁት፤ ገባቸው። ከጌሾው ጀርባ ጀምረን ወደ መደቦቹ መጣን። የሺ ከአጠገቤ ሆና በክርኗ ነካችኝ።

«በይ።»

ያወጣሁት ሁለት መስመር ነው። ስለ በርበሬ ነበር፤ ቤት አልመታልኝም። ድምፄ ከራሴ ጆሮ ያለፈ አይመስለኝም። ከዚያ ከዳር ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀበለችኝ፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ ያልኩትን እኔ ካልኩት አሳምረው መልሰው አሉት። የሺ ወዲያው ተራውን ነጠቀችኝና እስከ መጨረሻው አልመለሰችልኝም። ቅር አላለኝም።

አያ ሞላ ከእርሻ ሲመለስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነበር። ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አጥሩ ሥር ቆመ። መደቦቹ ላይ ጥቁር አፈር ብቻ ነው የሚታየው። ስድስት የበርበሬ ተክልና ጥቂት ነጭ ሽንኩርት ተረግጠዋል። ሳህኑ ሞልቶ ፈሷል።

«ጦር አስከተቱብኝ ማለት ነው፣ እማሆይ» አላቸው።

«እኔ ማንንም አልጠራሁ። ልጅቱ ናት።»

አየኝ። ጎንበስ ብሎ ያስቀመጣቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሣ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው፤ ኪሱ ሲሞላ የቀሩትን በነጠላው ቋጠረ። እንግጫው ሥሩን ጨርሶ እንዳልለቀቀ እሱም ያውቃል፣ እማሆይም ያውቃሉ፤ የከርሞ ሰው ይበለን ብቻ ተባባሉ። ችግኞቹን ከበዓሉ በኋላ ወንዙ ዳር ወስዶ ተከላቸው።

ያን ማታ የደረሰኝን እንግጫ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጬ ጎነጎንኩት። አንደኛው ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆነ። ጉጦቹ ምድጃው ውስጥ ጧ ጧ ሲሉ እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር።

ዕንቁጣጣሽ ጠዋት ጉንጉኑን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። ወግ እንደሚለው ራሳቸው ላይ ማድረግ ነበረብኝ፤ ራሳቸው ላይ ግን ቆባቸው አለ። መነኩሴ እንግጫ ይጭን አይጭን የሺን አልጠየቅኳትም። እማሆይ መቸገሬን አይተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። አሸተቱት። ከዚያ ወደ ብርሃኑ አቅርበው ቀጭኑን ጫፍ በጣታቸው መረመሩት፤ ጎመን ሲመርጡ እንደሚያደርጉት። ከነጩ ሥር አንድ ነገር በጥፍራቸው ፈልቅቀው አወጡና እጄ ላይ አደረጉልኝ። ጥቁር ጉጥ ነበረች።

«ይችን ረስተሻታል፣ ወለተ ሥላሴ» አሉኝ። ጉንጉኑን ምሰሶው ላይ አሰሩት።

ጉጧን ወስጄ ምድጃው ውስጥ ጣልኳት። ጧ እስክትል ቆሜ ጠበቅኩ።